ለመምህራችን መታሰቢያ በሚደወል ኳርተር ፒል ላይ ጀማሪ ገመድ ቢይዝ ተገቢ ነውን?

ባለ ትሬብል (ጠያቂ)

የተከበራችሁ ደዋዮች፣

በእንግሊዝ አገር የቤተ ክርስቲያን ማማዎች ውስጥ ገመድ የምትይዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ጥቂትም ብትሆኑ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰሞኑን የገጠመኝን ነገር ለማማ ባልደረቦቼ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞክሬ ሐሳቤ ሙሉ ሆኖ አልወጣ ስላለኝ፣ ምክራችሁን በራሳችን ቋንቋ ልጠይቅ ወደድሁ።

ነገሩ አዲስ ለሚሆንባቸው አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። በእነዚህ ማማዎች ደወሉ ከትልቅ መንኮራኩር ጋር ተያይዞ የተሰቀለ ነው፤ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ከቆመበት ተነሥቶ ሙሉ ክብ ይዞርና እንደገና አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል። አንድ ደወል በአንድ ሰው ገመድ የሚታዘዝ ሲሆን፣ ክብደቱ ራሱ ፍጥነቱን ስለሚወስነው ዜማ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ደዋዮቹ የሚያደርጉት ከቀጭኑ ደወል ከትሬብል እስከ ወፍራሙ እስከ ቴነር በተራ ከደወሉ በኋላ ቅደም ተከተሉን በየዙሩ መለዋወጥ ነው። አምስት ደወሎች 120፣ ስድስት ደወሎች 720፣ ሰባት ደወሎች 5,040 የተለያዩ ቅደም ተከተሎች አሏቸው። አምስት ሺህ ወይም ከዚያ በላይ ለውጥ ያለ ዕረፍት ሲደወል ፒል ይባላል፤ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሩቡ፣ ማለትም 1,250 ወይም 1,260 ለውጥ፣ ኳርተር ፒል ሲሆን አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ለጀማሪ የመጀመሪያው ትልቅ ምዕራፍ ይህ ኳርተር ፒል ነው፤ ቀኑንም ቦታውንም ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

እኔ ገመድ ከያዝሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያስተማሩኝ አረጋዊ በልጅነታቸው ጀምረው ከስልሳ ዓመት በላይ የደወሉ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ማማዎች ሁሉ ጸጥ ካሉ በኋላ፣ ወደ እኛ ማማ የተመለሱት ደዋዮች አራት ብቻ ስለነበሩ፣ ቡድኑን እንደገና ለማቆም በየሳምንቱ ማክሰኞ ከሁሉም ቀድመው ደረጃውን እየወጡ፣ ደወል ነክቶ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ያለ መሰልቸት ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ተማሪዎች የመጨረሻው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አረፉ።

የማማችን መሪ በቀብራቸው ዕለት ደወሎቹ በግማሽ ታፍነው ለመታሰቢያቸው ኳርተር ፒል እንዲደወል አስበዋል፤ ትሬብሉንም እኔ እንድደውል ጠይቀውኛል። ከዚህ ቀደም ኳርተር ፒል ደውዬ አላውቅም። መምህሬ በሕይወት ሳሉ «የመጀመሪያህን አብረን እንደውላለን» ይሉኝ ስለነበር ጥያቄው ልቤን ነክቶታል። ነገር ግን በእኔ ስሕተት ቢቋረጥስ? ቤተሰባቸው ከታች ቆሞ በሚያዳምጥበት ሰዓት የእኔ ድክመት የእሳቸው መታሰቢያ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ከዚህም ሌላ፣ በሰው ሐዘን ቀን የራሴን «የመጀመሪያ» ማስመዝገብ ነውር አይሆንም ወይ? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

---

የማማ ኃላፊ

ነፍሳቸውን ይማር፤ ለእርስዎም ለማማዎ ቤተሰብም መጽናናትን እመኛለሁ።

ስምንት ደወል ያለውን ማማ ለብዙ ዓመታት ስመራ ቆይቻለሁ፤ ስለዚህ ያየሁትን በግልጽ እነግርዎታለሁ። በቀብሩ ዕለት ኳርተር ፒሉን እንዳይሞክሩት እመክራለሁ። ይህን የምለው በእርስዎ ችሎታ ተጠራጥሬ አይደለም፤ ለማን እንደምንደውል ማሰብ ስላለብን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመው የሚያዳምጡት ሰዎች ለውጦቹን አይቆጥሩም፤ 1,260 መሙላቱንም ሆነ የመለዋወጫው ሥርዓት ፕሌን ቦብ ይሁን ግራንድሳየር አይለዩም። የሚሰሙት በደወልና በደወል መካከል ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን ነው። ስድስት ደወሎች በተራቸው ብቻ፣ ያለ ምንም ለውጥ፣ ለአሥር ደቂቃ ክፍተታቸውን ጠብቀው ቢደወሉ፣ ተንገጫግጮ ካለቀ ኳርተር ፒል የበለጠ ክብር ነው። መምህርዎ ስልሳ ዓመት የደወሉ ሰው ከነበሩ እሳቸውም በዚህ የሚስማሙ ይመስለኛል፤ በዚያ ዘመን የተማሩ ደዋዮች ምትን ከምንም በላይ ያስቀድማሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የማፈኛው ጉዳይ ነው። ደወል በግማሽ ታፈነ የምንለው የመምቻው አንድ ጎን ብቻ በቆዳ ሲሸፈን ነው፤ ሳሊውን፣ ማለትም በገመዱ ላይ የተጠለፈውን ወፍራም የሱፍ መያዣ፣ ስንጎትት ደወሉ በሙሉ ድምፁ ይጮኻል፤ በገመዱ ጫፍ ስንጎትት ደግሞ ከሩቅ እንደሚመጣ ማስተጋባት ያለ የተዋጠ ድምፅ ይሰጣል። ከውጭ ለሚሰማው ሰው ከዚህ የሚበልጥ የሐዘን ድምፅ የለም። ከውስጥ ግን፣ በተለይ ወለሉና ጣሪያው ወፍራም በሆነ የደዋዮች ክፍል፣ የታፈነው ምት ጨርሶ ላይሰማ ይችላል፤ በጆሮው መመራት ገና የጀመረ ደዋይ ግማሹን ምት በዓይኑ ብቻ ለመደወል ይገደዳል። እርስዎ ታፍኖ ደውለው ያውቃሉን? ካላወቁ፣ የመጀመሪያውን ኳርተር ፒልና የመጀመሪያውን የታፈነ ደወል በአንድ ቀን ማጋጠም ከባድ ሸክም ነው።

እግረ መንገዴን ለሁሉም የማስታውሰው ነገር አለ፤ ማፈኛ የሚታሰረው ደወሎቹ ሁሉ አፋቸውን ወደ ታች አድርገው ከወረዱ በኋላ ብቻ ነው። ደወል አፉን ወደ ላይ አድርጎ ቆሞ ሳለ ወደ ደወሎቹ ክፍል መግባት ሕይወትን ያሳጣል፤ በሐዘን ቀን ሰው ስለሚቸኩል ይህ እንዳይዘነጋ።

---

ባለ አምስተኛዋ

እኔ የምጽፈው በእርስዎ ቦታ ቆሜ ስለማውቅ ነው።

የመጀመሪያ ኳርተር ፒሌን የሞከርሁት በማማችን አብረው ሲደውሉ ተዋውቀው የተጋቡ ባልና ሚስት የጋብቻቸውን ሃምሳኛ ዓመት በሚያከብሩበት ቀን ነበር። ሁለቱም ከእኛ ጋር ገመድ ይዘዋል፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከታች ሻይ አሰናድተው ይጠብቃሉ። እስከ ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ድረስ ምንም እንከን አልነበረም። ከዚያ፣ እስካሁን ምክንያቱን በማላውቀው ሁኔታ፣ ሳሊውን ዘግይቼ ያዝሁት፤ ደወሌ ከሚገባው በላይ ዝቅ አለ፤ እሱን ለማስተካከል ስታገል የምከተለው ደወል ጠፋብኝ። መሪያችን በስሜ ጠርቶ ቦታዬን ነገረኝ፤ ሌሎቹም በዓይናቸው ሊመሩኝ ሞከሩ፤ ነገር ግን ሁለት ደወሎች አንድ ላይ መምታት ከጀመሩ በኋላ መጠገን አልተቻለም፤ «ቁም» ተባለ። በኳርተር ፒልም ሆነ በፒል ሰው ተክቶ ወይም አቁሞ እንደገና መቀጠል ስለማይፈቀድ፣ የሠላሳ ስምንት ደቂቃው ድካም በዚያች ቅጽበት አበቃ።

ገመዱን ጠቅልዬ ስቆም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባለ በዓሏ አዛውንት ግን ወደ እኔ መጥተው ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ እሳቸውም የመጀመሪያቸውን ሦስት ጊዜ ሞክረው በአራተኛው እንደ ጨረሱ፣ ከባለቤታቸው ጋር በደንብ የተነጋገሩትም ከሁለተኛው ውድቀት በኋላ ወደ ቤት ሲሸኟቸው እንደ ነበር ነገሩኝ። ከዚያ ሁላችንም ወርደን ሻያችንን ጠጣን። ከሁለት ሳምንት በኋላ እነዚያው ስድስት ሰዎች ተሰብስበው፣ እኔ በዚያው በአምስተኛው ደወል ቆሜ፣ ጨረስነው። መዝገቡ ላይ የሚታየው የተሳካው ብቻ ነው፤ ያልተሳካ ሙከራ አይመዘገብም።

ስለዚህ ቢቋረጥስ ለሚለው ፍርሃትዎ የምመልሰው ይህንን ነው፦ ደዋይ የሆነ ሰው ሁሉ የተቋረጠበት አለው፤ መምህርዎም በስልሳ ዓመት ውስጥ እጅግ ብዙ እንደ ተቋረጠባቸው አልጠራጠርም። ከታች የሚያዳምጡት ቤተሰባቸው ለብዙ ዓመታት ከደዋይ ጋር የኖሩ ስለሆኑ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። የማማ ኃላፊው ስለ ምት የተናገሩት እውነት ነው፤ ቢሆንም ጀማሪን ከመታሰቢያው ማራቅ የሚለው ሐሳብ አልተዋጠልኝም። መምህርዎ የመጨረሻ ጉልበታቸውን ያፈሰሱት በጀማሪዎች ላይ ነውና።

ቤተሰቡን ራሳቸውን ጠይቀዋቸዋልን?

---

ባለ ቴነር

የሁለቱንም አንጋፎች ቃል በጥሞና አንብቤአለሁ። እኔ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ፣ ማለትም በሐዘን ቀን የራስን «የመጀመሪያ» ማስመዝገብ ነውር ይሆን ወይ በሚለው ላይ፣ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ አዳዲስ ደዋዮች ምዕራፍን እንደ ግል ሽልማት ሲያዩት እታዘባለሁና።

በኖሪች ከተማ በቅዱስ ጴጥሮስ ማንክሮፍት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1715 የተደወለውን 5,040 ለውጥ የሚመሰክር ሰሌዳ አለ፤ ብዙዎች የመጀመሪያው እውነተኛ ፒል አድርገው የሚቆጥሩት ያንን ነው። ከዚያ ወዲህ በየማማው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሰሌዳዎች ልብ ብለው ቢያዩ፣ ከትሬብል እስከ ቴነር የእያንዳንዱ ደዋይ ስም በደወሉ ቁጥር አንጻር ተጽፎ ያገኛሉ፤ መሪው የሚለየው ከስሙ አጠገብ በሚደረግ ምልክት ብቻ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የደወለው ፒል በማማ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1963 በላፍብራ የደወል ማምረቻ ስምንት ሰዎች 40,320ውን ለውጥ፣ ማለትም በስምንት ደወል የሚቻለውን ሁሉ፣ ሰው ሳይተካ በአሥራ ስምንት ሰዓት ገደማ ሲጨርሱ፣ ከስምንቱ አንዱ እጁን ቢያነሣ ኖሮ የሰባቱም ድካም ከንቱ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 በለንደን ኩቢት ታውን ሴቶች ብቻ የተሳተፉበት የመጀመሪያው ፒል ሲደወልም የሆነው ይኸው ነው፤ ታሪክ የሚያስታውሰው ቡድኑን ነው።

ስለዚህ «የመጀመሪያዬ» የሚለው ቃል እርስዎን ብቻ የሚመለከት አይደለም። አምስት ሰዎች አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ እርስዎን ለማሻገር እጃቸውን፣ ጆሯቸውንና ዓይናቸውን ሰጥተዋል ማለት ነው። ይህንን በመታሰቢያ ቀን ማድረግ ነውር ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ትልቁ ምሳሌ በቅርቡ በዓይናችን ያየነው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ 1,400 የሚጠጉ ደዋዮች ሞተው ነበር፤ የጦርነቱ ማብቂያ መቶኛ ዓመት ሲቃረብ በእነሱ ቁጥር ልክ 1,400 አዳዲስ ደዋዮችን ለማስተማር ጥሪ ተደረገ፤ ከተጠበቀው በላይ ሰው መጣ፤ ብዙዎቹም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2018 ከነባሮቹ ጋር ቆመው ደወሉ። የሙታን መታሰቢያ የተደረገው በጀማሪዎች እጅ ነበር። እኔም ያን ዕለት ከጎኔ ሦስት ወር ብቻ የተማረች ወጣት ቆማ ነበር፤ ምቷ ፍጹም አልነበረም፤ ሆኖም ከዚያ ቀን ድወላ የማስታውሰው የእሷን ደወል ነው።

ስለ አመዘጋገቡ ከጠየቁኝ፣ አሠራሩ ግልጽ ነው። ድወላው በቤልቦርድ፣ ማለትም ደዋዮች ድወላቸውን በሚያስመዘግቡበት ድረ ገጽ፣ ላይ ወይም በደዋዮች ሳምንታዊ መጽሔት በ«ሪንጊንግ ዎርልድ» ሲወጣ፣ ከስሞቹ ሥር የግርጌ ማስታወሻ ይጻፋል። በመጀመሪያ የሚቀመጠው ድወላው በግማሽ ታፍኖ ለማን መታሰቢያ እንደ ተደወለ ነው፤ ቀጥሎ በአጭሩ «የመጀመሪያ ኳርተር ፒል፦ 1» ተብሎ ይጻፋል፤ ቁጥሩ የደወሉን ተራ ያመለክታል። ሁለት ሦስት ማስታወሻዎች በአንድ ድወላ ሥር መደርደር የተለመደ ነው፤ የአንዱ ልደት፣ የሌላው መቶኛ ኳርተር፣ የሦስተኛው አያት መሆን በአንድ ላይ ሲወጣ አይተናል። መምህርዎ ያስተማሯቸው ደዋዮች ብዛት ቢታወቅና እሱም ቢጨመር ደግሞ እጅግ ያማረ ይሆናል።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ። አምስቱ ደወሎች ሲለዋወጡ፣ ስድስተኛው ቴነር ሁልጊዜ ከኋላ እየዘጋ፣ የትሬብሉ መንገድ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ከመጀመሪያው ቦታ ወደ አምስተኛው ይሄዳል፣ ተመልሶም ይመጣል። መሪው «ቦብ» ብሎ ሲጠራ ሌሎቹ መንገዳቸውን ሲለውጡ የእርስዎ አይለወጥም። አንዱ ደርሶ መልስ አሥር ለውጥ ስለሆነ፣ በ1,260 ውስጥ 126 ጊዜ ትመላለሳለህ ቢሉዎት አይደንግጡ፤ ደግሞም አይቁጠሩት። ሊቆጥሩ የሚገባዎ ቦታዎን ብቻ ነው፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ እንደገና አምስተኛ። ጀማሪ የሚጠፋው የሚከተላቸውን ደወሎች ቁጥር ሊያስታውስ ሲታገል ነው፤ ቦታውን የያዘ ሰው ግን የሚከተለውን ደወል ቢስት እንኳ ገመዶቹ ሲወርዱ አይቶ ይመለሳል። ሊጠነቀቁለት የሚገባው ትልቁ ነገር መሪነቱን ሲይዙ፣ ማለትም በዙሩ መጀመሪያ ቦታ ሲደውሉ ነው፤ ትሬብሉ በሳሊው ሲመራ፣ ከቴነሩ የቀደመ ምት በኋላ የአንድ ደወል ያህል ክፍተት ይተዋል። ያ ክፍተት ከተጠበቀ መላው ቡድን ይረጋጋል፤ ከጠበበ ሁሉም ይጣደፋል። እኔ ቴነር ስለምደውል ትሬብሉ ክፍተቱን ሲጠብቅልኝ ምን ያህል እንደሚያሳርፈኝ መናገር አልችልም።

---

ባለ ትሬብል (ጠያቂ)

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለማማ ኃላፊው ጥያቄ፦ ታፍኖ የደወልሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ባለፈው ኖቬምበር በጦርነት የሞቱት በሚታሰቡበት እሑድ፤ ያውም ተራውን ብቻ ለሩብ ሰዓት። በእርግጥም በገመዱ ጫፍ ስጎትት የራሴን ደወል መስማት አልቻልሁም ነበር።

ባለ አምስተኛዋ ቤተሰቡን እንድጠይቅ በመከሩኝ መሠረት ትናንት ከመሪያችን ጋር ወደ መምህሬ ባለቤት ቤት ሄድን። ነገሩን በግልጽ ነገርናቸው፤ ሊቋረጥ እንደሚችልም አልደበቅንም። እሳቸው ደዋይ ባይሆኑም አርባ ዓመት ሙሉ በየበጋው በሚደረገው የደዋዮች ጉዞ ከባለቤታቸው ጋር ተሳፍረው፣ በቀን አምስት ስድስት ማማ እየዞሩ፣ ሌሎቹ ሲደውሉ በየመቃብሩ ሥፍራ ተቀምጠው ሹራብ ይሠሩ እንደ ነበር አጫወቱን። ከድምፁ ብቻ ማን በየትኛው ገመድ እንዳለ ይለያሉ ብለው መምህሬ ይመኩባቸው ነበር። እኚህ ሴት «ለቀብሩ ዕለት አጭር ይሁን፤ ጆሮዬ ያን ቀን ብዙ አይችልም» አሉን። ኳርተር ፒሉን ግን እንድንተወው አልፈለጉም። በሚቀጥለው ወር በሚውለው በባለቤታቸው ልደት ቀን እንድንደውለው ጠየቁ።

---

የማማ ኃላፊ

እኚህ እናት ከሁላችንም የተሻለ ፈረዱ። እኔ ምቱን ብቻ አስቤ፣ እርስዎን ከመታሰቢያው ለማራቅ የተጠጋ ምክር መስጠቴን ከባለ አምስተኛዋ መልስ በኋላ ተረድቻለሁ፤ ቃሌን በዚያ ክፍል እመልሳለሁ።

ያላችሁን አንድ ወር እንዲህ ብትጠቀሙበት መልካም ነው። ከልምምዱ ምሽቶች ቢያንስ በአንዱ ማፈኛውን አስረው 120ውን ለውጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ይደውሉ፤ አንዱ ዙር አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚወስድ አያደክምም፤ ጆሮዎም የተዋጠውን ምት መፈለግን ይለምዳል። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያለ ማቋረጥ ይሞክሩ፤ ጀማሪን የሚጥለው ድንቁርና ሳይሆን በሠላሳኛው ደቂቃ አካባቢ የሚመጣው የሐሳብ መበተን ነው። እጅዎ ከደረቀ ሳሊው ያዳልጣል፤ ከላበም እንዲሁ፤ መሐረብ በኪስዎ ይኑር። በዕለቱ የክፍሉ በር ይዘጋ፤ ስልኮች ይጥፉ፤ የግድግዳውን ሰዓት በማያዩበት አቅጣጫ ይቁሙ።

መሪያችሁ ከፈቀዱ ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ደወል ላይ ከእርስዎ ጋር ብዙ የደወሉ ሰዎች ይቁሙ። እንግዳ ባለሙያ ከሌላ ማማ ከመጋበዝ ይልቅ አካሄድዎን የሚያውቅ ጎረቤት ይበልጥ ይጠቅማል።

---

ባለ አምስተኛዋ

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከመጀመራችሁ በፊት ማን ምን እንደሚያደርግ ተነጋገሩ፤ ቢሳሳቱ ማን ይናገርዎታል? መሪው ብቻ ይናገር። ለእኔ ያን ቀን ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሊረዳኝ ሲናገር ነው ጨርሶ የጠፋሁት። ሁሉም ሊያድኑኝ ፈልገው ነበርና አልወቅሳቸውም፤ ነገር ግን አንድ ድምፅ ብቻ ሰምቼ ቢሆን የምመለስ ይመስለኛል።

---

ባለ ትሬብል (ጠያቂ)

ከስድስት ሳምንት በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ ተመልሻለሁ።

በቀብሩ ዕለት ስድስቱን ደወሎች በግማሽ አፍነን ተራውን ብቻ ለአሥር ደቂቃ ደወልን። አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ መሪያችን በምልክት ጀመሩ፤ እኔ ሁለተኛውን ደወል ያዝሁ። ትሬብሉን የደወሉት ከሌላ ማማ የመጡ፣ ከመምህሬ ጋር በልጅነታቸው አብረው የተማሩ ሰው ነበሩ።

ኳርተር ፒሉን በመምህሬ ልደት ቀን ከሰዓት በኋላ ሞከርነው። በማማ ኃላፊው ምክር መሠረት ሁለት ማክሰኞ ታፍኖ ተለማምደን ነበር፤ በባለ አምስተኛዋ ምክር መሠረትም ከመሪው በስተቀር ማንም እንዳይናገር ተስማምተናል። አንድ ጊዜ፣ ወደ ግማሽ ገደማ ይመስለኛል፣ አራተኛ ቦታ ላይ መሆን ሲገባኝ ሦስተኛ ላይ ቀረሁ። መሪያችን «ትሬብል፣ አምስተኛ ቦታ አሁን» ብቻ አሉኝ፤ ቦታዬን እየቆጠርሁ ስለነበር ወዲያው ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ክፍተቱን ግን ጠብቄአለሁ፤ ቴነር ደዋያችን ወርደን እንደ ጨረስን ያለ እኔ ጥያቄ ስለ እሱ አመሰገኑኝ፤ ባለ ቴነር ሆይ፣ ያንን ምስጋና ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ። 1,260 ለውጥ፣ ፕሌን ቦብ ደብልስ (አምስት ደወሎች የሚለዋወጡበት ፕሌን ቦብ)፣ 46 ደቂቃ።

«በቃ» ሲባል ደወሎቹ ወደ ተራቸው ተመለሱ፤ «ቁም» ሲባልም ሁሉም ቆሙ። ማንም ወዲያው አልተናገረም። የመምህሬ ባለቤት ከታች በመቃብሩ ሥፍራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ስንወርድ የማማውን መሪ ትተው ወደ እኔ መጡና አንድ ጊዜ ብቻ ያ ሦስተኛ ቦታ ላይ የቀረሁበትን እንደ ሰሙ ነገሩኝ።

የግርጌ ማስታወሻው ባለ ቴነር እንዳሉት በሁለት መስመር ተጽፎ ወጥቷል። መሪያችን ሦስተኛ መስመር ጨምረዋል፤ ስድስቱም ደዋዮች የሟቹ ተማሪዎች መሆናቸውን የሚገልጽ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ መሪያችንም የእሳቸው ተማሪ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

ማፈኛዎቹን ማክሰኞ ዕለት፣ ደወሎቹን አውርደን፣ እኔና መሪው ፈታናቸው። በዚያው ምሽት ገመድ ነክታ የማታውቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ ነበር፤ ሳሊውን እንዴት እንደምትይዝ ያሳየኋት እኔ ነኝ።